ሙዚየም ውስጥ ለምትሠሩ፦ በጀት ሳይጠበቅ ስቶር ማስተካከልና በሙያ ማደግ፣ ደረጃ በደረጃ

ስቶር ኪፐራችን ጡረታ የወጡ ጊዜ ርክክቡ በሥርዓቱ ነው የተደረገው፣ ቁልፍ ተረከብን መዝገብ ተረከብን ቡና ተፈልቶ ዳቦ ተቆርሶ ፎቶ ተነስተን ሸኘናቸው። ከሁለት ወር በኋላ ለኤግዚቢሽን አንድ የጎሽ ቆዳ ጋሻ ተፈለገ። መዝገቡ ላይ አለ። "ጋሻ፣ 1፣ ጥሩ" ይላል። የት እንደተቀመጠ ግን የሚል ነገር የለም። 19 ቀን ፈለግነው። እሳቸው ስልክ ቀይረው ስለነበር በዘመድ በዘመድ አፈላልገን ስናገኛቸው "ውይ ልጆቼ፣ ከቁምሳጥኑ ኋላ በጋዜጣ ጠቅልዬ አቁሜዋለሁ እኮ" አሉን። እውነትም እዛው ነበር፣ ግን ጋዜጣውን ስንፈታው ቡናማ ብናኝና የነፍሳት ቅርፊት ዝርግፍ አለ፣ የጋሻው ጠርዝ መዳፍ በሚያህል ልክ ተበልቷል።

እሳቸውን ማንም ሊወቅስ አይችልም። 27 ዓመት ሙሉ ስቶሩን በጭንቅላታቸው ይዘው ነው የኖሩት፣ ይጻፍ ያለ አለቃ አልነበረም፣ እኛም አብረናቸው ስንሠራ አልጠየቅናቸውም። ከዛ በኋላ ነው መሀል አዲስ አበባ ያለችውን ትንሿን ሙዚየማችንን ከስቶሩ ጀምረን ማስተካከል የጀመርነው። የሠራነውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም አምስት ኪሎም ስድስት ኪሎም ፒያሳም ያሉ የሙያ ጓደኞቼን ሳወራ ችግሩ ያው ነው፣ ሁላችንም ስልጠና እስኪመጣ እንጠብቃለን፣ ስልጠናው ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ሰው ይደርሳል። እኔ ያየሁት ግን የገዛ ስቶሩን አስተካክሎ የሠራውን የጻፈ ሰው ሙያውን እዛው እየሠራ እንደሚማረው ነው።

ደረጃ 1፦ በሰዓት ተፈተኑ

ሮም ያለው ኢክሮም የሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ሪ-ኦርግ የሚል የስቶር ማስተካከያ ዘዴ አለው፣ እስከ 10,000 ዕቃ ላላቸው ትናንሽ ሙዚየሞች ታስቦ የተዘጋጀ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኝ። ከመመዘኛዎቹ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ያዙ፦ ማንኛውም ዕቃ በ3 ደቂቃ ውስጥ መገኘት አለበት፣ ለማውጣትም ከ2 በላይ ሌላ ዕቃ መነካት የለበትም። እኛ 19 ቀን፣ እነሱ 3 ደቂቃ።

ስለዚህ ከመዝገቡ ላይ 10 ቁጥር በዘፈቀደ ምረጡ፣ አንድ ሰው የስልኩን ሰዓት ይያዝ፣ ሌላው ይፈልግ። ከዛ ተገላቢጦሹን ሥሩ፣ ከመደርደሪያ ላይ 10 ዕቃ አንሱና መዝገቡ ላይ ፈልጓቸው። ሁለተኛው ፈተና ነው ብዙ የሚያሳየው፣ ቁጥሩ የጠፋበት፣ ሁለት ቁጥር ያለው፣ ጭራሽ ያልተመዘገበ ዕቃ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱን ከነቀኑ ጻፉትና አስቀምጡት። እኛ መጀመሪያ ስንፈተን ከ10 ያገኘነው 4 ነበር፣ ይቺን ወረቀት በኋላ በጀት ስንጠይቅ ተጠቅመንባታል።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ለቦታው አድራሻ ስጡ

ብዙ ሰው ዘሎ ዕቃ መቁጠር ውስጥ ይገባል፣ እኛም እንደዛ ጀምረን ሦስት ሳምንት አባክነናል። ዕቃ ከመቁጠራችሁ በፊት ቦታው ስም ይኑረው። ክፍሉ ፊደል፣ መደርደሪያው ቁጥር፣ እርከኑ ቁጥር። "ሀ-3-2" ማለት ሀ ክፍል፣ 3ኛ መደርደሪያ፣ ከታች 2ኛው እርከን ማለት ነው። በትልቁ ጽፋችሁ መደርደሪያው ላይ ለጥፉት (መደርደሪያው ላይ እንጂ ዕቃው ላይ አይደለም)። ኮሪደርም ቢሆን ዕቃ ካለበት አድራሻ ይኑረው፣ የዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕልም ካለ ቢሮው አድራሻ ይሰጠው።

ከዛ አንድ ኤክሴል ክፈቱ፣ አምስት አምድ ለመጀመሪያው ይበቃል፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ አድራሻ፣ ያለበት ሁኔታ፣ ያየው ሰው ስምና ቀን። ከክፍል አንድ ጥግ ጀምራችሁ በተራ ሂዱ፣ መርጣችሁ አትሥሩ። ሁለት ሰው ሆናችሁ አንዱ ሲያነብ አንዱ ሲጽፍ በቀን ግማሽ ቀን ብቻ ሥሩ፣ ሙሉ ቀን ከሠራችሁ ከሰዓት በኋላ የምትጽፉት ስህተት ይበዛዋል፣ አይቼዋለሁ።

ደግሞ የመውጫ ወረቀት የሚባል ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው። አንድ ዕቃ ከቦታው ሲነሳ፣ ለ10 ደቂቃም ቢሆን፣ በቦታው ትንሽ ወረቀት ይቀመጣል፦ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ወዴት። ዳይሬክተሩም ቢወስዱት ይጻፋል። መጀመሪያ ሰው ይቆጣል፣ "እኔን አታምኑኝም ወይ" ይላል፣ በትህትና አስረዱት፣ በሁለት ወር ውስጥ ይለመዳል።

የንብረት ክፍል ጉዳይ እዚህ ላይ መነሳቱ አይቀርም። በመንግሥት ቤት የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፣ ንብረት ክፍል ገቢ በሞዴል 19 ወጪ በሞዴል 22 ነው የሚያውቀው፣ በእሱ መዝገብ ጋሻውም ወንበሩም እኩል አንድ አንድ ንብረት ናቸው። ከነሱ ጋር አትጣሉ፣ ሥራቸው ነው። የናንተ የቅርስ መዝገብ ለብቻ ይሁን፣ ግን አንድ አምድ ጨምራችሁ የነሱን ቁጥር እዛ ላይ አስፍሩ። ሰኔ ላይ የዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ ሁለቱ መዝገቦች ከተግባቡ የኮሚቴው ሥራ በሁለት ቀን ያልቃል።

ደረጃ 3፦ ቁጥር አጻጻፍ

ፓርከር፣ ስኮች፣ ፕላስተር፣ ጥፍር ቀለም ዕቃ ላይ አይነካም። ስኮች ሲደርቅ ሙጫው ይቀራል፣ ፓርከር ደግሞ ሸክላ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቫርኒሽ ፓራሎይድ ቢ-72 ይባላል፣ ከሥር ተቀብቶ ቁጥሩ በላዩ ይጻፋል፣ ሲያስፈልግ አሴቶን በሚባል ማሟሟያ ፈሳሽ ይለቃል። ካላገኛችሁ ከመርካቶ የጥጥ ክር ግዙ፣ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና እሰሩበት፣ በቃ። ለጨርቅና ለልብስ ቁጥሩን ጥጥ ሪቫን ላይ ጽፋችሁ በሁለት ላላ ያለ ስፌት ያዙት። ብራና ላይ ምንም አትጻፉ፣ ቁጥሩን የያዘ ንጹህ ወረቀት ጫፉ ብቅ እንዲል አድርጋችሁ መሀሉ አስገቡ።

ደረጃ 4፦ "ጥሩ" የሚለውን ቃል ተዉት

ጋሻችን "ጥሩ" ነበር የተባለው። መቼ ጥሩ ነበር? ማን አየው? የዕቃ ሁኔታ ስትጽፉ ሌላ ሰው ሳያየው እንዲስለው አድርጋችሁ ጻፉ፦ "ከአፉ በግራ በኩል ወደ ታች የወረደ 2 ሴንቲሜትር ስንጥቅ፣ እጀታው በፊት ተጠግኗል፣ ከሥሩ ጥቀርሻ አለው"። እንዲህ ከተጻፈ ከዓመት በኋላ ስንጥቁ 3 ሴንቲሜትር ከሆነ እየባሰ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ፎቶ በስልክ ይበቃል። መስኮት አጠገብ ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ማስመሪያና የመዝገብ ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ ይግቡ። የፋይሉን ስም ወደ መዝገብ ቁጥሩ ቀይሩት። በቴሌግራም ከላካችሁት በፋይል ይሁን፣ እንዲሁ ከተላከ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጪ። የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 ሲቃጠል 20 ሚሊዮን ገደማ ዕቃ ነበረው፣ አብዛኛው በአንድ ሌሊት አለቀ፣ መነሻው የአየር ማቀዝቀዣ ነው ተብሏል። የኛን ስቶር ሶኬትና ኤክስቴንሽን አንድ በአንድ ያየሁት ያንን ካነበብኩ በኋላ ነው፣ እናንተም እዩት።

ደረጃ 5፦ የዝናቡንና የበጀቱን ካላንደር አንድ ላይ አንብቡ

ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ በራሴ ላይ ደርሶ ነው ያወቅኩት። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሰኔ ውስጥ ግዥ ብትጠይቁ "ተዘግቷል፣ ለሐምሌ" ትባላላችሁ። ሐምሌ ላይ ደግሞ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ድረስ ሳምንታት ይሄዳሉ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ማለት ለኛ ደግሞ ክረምት ነው። ጣራ የሚያፈስበት ጊዜና ብር የማይገኝበት ጊዜ አንድ ላይ ነው የሚውሉት።

ስለዚህ ካላንደራችሁ እንዲህ ይሁን፦ መጋቢት ላይ ጣራና አሸንዳ ታያላችሁ፣ ሚያዝያ ላይ የጥገና ጥያቄው ተጽፎ ይገባል፣ ግንቦት 20 ሳይደርስ አሸንዳው ተጠርጎ ያልቃል። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሙዚየሞች ያሉት በድሮ ቤት ውስጥ ነው፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ቤት ነበር፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ እንዲህ ያለ ቤት ሲያዩት ያምራል ግን ከዛፍ ሥር ያለ ቆርቆሮ ጣራ ከሆነ የጽድና የባሕር ዛፍ ቅጠል አሸንዳውን በአንድ ነፋስ ነው የሚደፍነው። ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ይሠራል። ቢጫውን ክብ ባያችሁ ቁጥር ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩና ቀን ጻፉበት፣ ከመስመሩ ካለፈ ውሃው አሁንም እየገባ ነው።

ወለል ላይ የተቀመጠ ዕቃ አይኑር፣ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ጡብና ጣውላም ያገለግላል። ወረቀት ከራሰ ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፣ እሁድ ቀን ከራሰና ማክሰኞ ከተገኘ ረፍዷል ማለት ነው፣ ክረምት ላይ ቅዳሜና እሁድም አንድ ሰው ገብቶ የሚያይበት ተራ አውጡ። የራሰ ብራና ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ በፍጹም አታስጡ፣ ቆዳ ነውና ይኮማተራል፣ ጥላ ውስጥ አየር እያገኘ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ባለሙያም ይጠራ።

ደረጃ 6፦ ርጥበትና ብርሃን

የርጥበት መለኪያ ትንሿ ዲጂታል ርካሽ ናት፣ ግን ዝም ብላችሁ አትመኗት። እንዲህ ፈትኗት፦ የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፣ ሊጥ እስኪመስል ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፣ ከመለኪያዋ ጋር አየር በማያስገባ የሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ አሳድሩ። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለባት። 70 ካለች 5 እየጨመራችሁ አንብቡ። እኛ ቤት ሦስት ገዝተን አንዷ 62 አለች፣ መለስናት።

በቀን ሁለት ጊዜ ደብተር ላይ ይመዝገብ። ከ65 በመቶ በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይመጣል። ከቁጥሩ በላይ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው፣ ዕንጨትና ብራና ሲያብጥ ሲጨማደድ ይሰነጠቃል።

ብርሃን ላይ፣ ለጨርቅ፣ ለብራናና ለውሃ ቀለም 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ ነው የሚመከረው። ስልክ ላይ ያሉት መለኪያዎች ግምት እንጂ ትክክል አይደሉም፣ ግን "እዚህ ጥግ ከዚያኛው አምስት እጥፍ ይበልጣል" ለማለት ይበቃሉ። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን፣ ፀሐያችን ቆላ ካለው ይልቅ በአልትራቫዮሌት ትበረታለች። ከመርካቶ አቡጄዲ ገዝታችሁ አጥባችሁ (ሲገዛ ስታርች አለው) በመስኮቱ ላይ ድርብ አድርጋችሁ ስቀሉ። የለቀቀ ቀለም አይመለስም።

ደረጃ 7፦ ነፍሳትና "ጽዳት"

በየወሩ በባትሪ እያበራችሁ የመደርደሪያውን ጥግ፣ የከበሮውን ሥር፣ የልብሱን እጥፋት እዩ። ከዕንጨት ሥር የደቀቀ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ነው፣ ዱቄቱን ጥረጉና ነጭ ወረቀት አንጥፉበት፣ በሳምንቱ እንደገና ዱቄት ካለ ነቀዙ በሕይወት አለ። የተጠረጠረውን ዕቃ ወዲያው በላስቲክ ለዩት። ናፍታሊን መበተን ተዉት፣ የሚጎዳው እናንተን ነው። የጥጥና የሱፍ ዕቃ በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ብሉም ትሉም ይሞታል፣ ሲወጣ ለ24 ሰዓት አትክፈቱት፣ ላብ ያወጣል። ቀለም የተቀባ ነገር፣ ብራና፣ ዝሆን ጥርስ ግን ፍሪዘር አይገባም። የድሮ ቆዳና ላባ ደግሞ አርሴኒክ የተረጨበት ሊሆን ይችላልና ጓንት አድርጉ።

ጽዳትን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዓል ሲደርስ ወይም እንግዳ ይመጣል ሲባል የነሐስ መስቀል በሎሚና በአመድ የሚፈተግበት ቤት አለ። በቅን ልብ ነው፣ አውቃለሁ፣ እናቶቻችንም ዕቃ የሚያጥቡት እንደዛ ነው። አንድ የመጾር መስቀል በማጉያ መነጽር አይቻለሁ፣ ወርቅ ቅቡ የቀረው ቅርጹ በተቆፈረበት ጎድጓዳ ውስጥ ብቻ ነበር፣ ከፍ ከፍ ያለው ሁሉ ተፈትጎ ሄዷል። ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ አቧራውን ወደ አንድ ወገን እያራገፉ። የማይለቅ ነገር ካለ ይቆይ።

ደረጃ 8፦ በጀት አጠያየቅ

አለቃም ፋይናንስም የኛን ቋንቋ አይናገሩም፣ "የአያያዝ ችግር አለ" የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል። አንድ ገጽ ብቻ ጻፉ፦ ፎቶ፣ የ3 ደቂቃው ፈተና ውጤት፣ የሚያስፈልገው ዕቃና ዋጋው በፕሮፎርማ፣ ካልተገዛ በዚህ ክረምት ምን እንደሚበላሽ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዳለም አንድ መስመር ጥቀሱ፣ ቅርስ መጠበቅ የሕግ ግዴታ መሆኑን ሲያዩ ይነቃሉ።

ስፔሲፊኬሽኑን እናንተ ጻፉት፣ ለግዥ ክፍል አትተዉት። "መደርደሪያ" ብቻ ካላችሁ በትንሹ ዋጋ ቺፕውድ ይመጣላችኋል፣ ቺፕውድ ደግሞ ብረትና ወረቀት የሚጎዳ አሲድ ያወጣል። "ቀለሙ በምድጃ የደረቀ የብረት መደርደሪያ፣ ውፍረቱ ይህን ያህል" በሉ። "ስፖንጅ" ካላችሁ ቢጫው ፍራሽ ስፖንጅ ይመጣል፣ በጥቂት ዓመት ይፈረፈርና ዕቃው ላይ ይጣበቃል፣ ነጩን የቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚመስለውን ፖሊኢትሊን ፎም ነው የምትፈልጉት፣ ቁራጭ ናሙና አያይዙ።

ደረጃ 9፦ አስጎብኚዎችን አትርሱ

ስቶር ላይ ያለውም አስጎብኚውም እንዲተዋወቁ በሳምንት አንድ ዕቃ ይመረጥና ሰኞ ጠዋት 15 ደቂቃ ይወራበት። አስጎብኚው የ15 ደቂቃና የ45 ደቂቃ ሁለት ገለጻ ይኑረው፣ 60 ተማሪ ይዞ የመጣ መምህር ረጅሙን አይችልም። እውነት መናገር አትፍሩ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ "ይቺ ዋናዋ ድንቅነሽ ናት?" የሚል ልጅ ብዙ ነው፣ መልሱ የሚታየው ቅጂው ነው፣ በ1967 ሀዳር የተገኘው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቱ አጽም ራሱ ለደህንነቱ ተቆልፎ ተቀምጧል ነው። ለምን እንደተቆለፈ ከተነገረው ልጁ አይከፋም፣ እንዲያውም የቅርስ ጥበቃ ምን እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው።

ደረጃ 10፦ የራሳችሁን ፋይል ክፈቱ

እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ የሙያ ማስረጃችሁ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሳ ፎቶ፣ የፈተናው ውጤት ከነቀኑ፣ የርጥበት ደብተሩ፣ የጻፋችሁት ስፔሲፊኬሽን፣ ሁሉንም በአንድ ፎልደር አኑሩ። የኢክሮም ኮርስ ስታመለክቱ የሚጠየቀው ምን ሠራችሁ፣ ስትመለሱስ ምን ትሠራላችሁ ነው፣ ፎልደሩ ካለ መልሱ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአርኪዮሎጂና ቅርስ አስተዳደር ያስተምራል፣ መማር ለምትችሉ ቅርብ ነው። ለማትችሉ ደግሞ የካናዳ የቅርስ ጥበቃ ተቋም አጫጭር ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፣ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ገጽ አንብቡ።

ጎረቤት ሙዚየም ጎብኙ። ከአምስት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር የሚኬድ ነው፣ ኤግዚቢሽኑን ብቻ ሳይሆን ስቶራቸውን እንዲያሳዩአችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፣ እናንተም የናንተን አሳዩ። ግንቦት 10 የዓለም የሙዚየም ቀን ነው፣ ለዚህ ዓይነት ልውውጥ ሰበብ ይሆናል።

እና ቤታችሁ ውስጥ ጡረታ ሊወጣ የቀረበ ሰው ካለ ዛሬ ጀምሩ። መደርደሪያ ለመደርደሪያ አብራችሁት ሂዱ፣ ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጉ፣ "ይሄ ከየት መጣ፣ ማን አመጣው፣ ለምን እዚህ ተቀመጠ" እያላችሁ ጠይቁ፣ ከዛ ተጽፎ በየቁጥሩ ይግባ። እኛ የኛን ስቶር ኪፐር ለምነናቸው ሦስት ቅዳሜ መጥተዋል፣ የታክሲያቸውን አዋጥተን። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ መዝገቡ "ከበሮ፣ 1፣ ጥሩ" ብቻ የሚለውን ከበሮ በሁለት እጃቸው አንስተው ገልብጠው ሥሩን አሳዩን፣ ጠፍሩ ውስጥ የተሰፋች ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ አለች፣ የሰጠው ደብር ስም በቀለም ተጽፎባታል። 27 ዓመት ሲያዩት የኖሩት ነው። አሁን የዚያ ቁጥር ዝርዝር 11 መስመር ሆኗል፣ አድራሻውም ለ-2-1 ነው።